አገር ስጪኝ

የ2103 ዓ.ም. የሥራ ውሌ ላይ ማዕረጌ እንዲህ ተብሎ ተጽፏል፦ «የትምህርት መርጃ መሣሪያ፤ ዓይነት፦ ሰው፤ ቁጥር፦ 4417።» በዝርዝሩ ላይ ከእኔ በፊት ያለው 4416 ክራር ነው፤ ከእኔ ቀጥሎ ያለው 4418 የሰሌን ምንጣፍ። ውሉን ስፈርም ይህን አይቼ ሳቅኩ። ያስፈረመኝ የጣቢያው ኃላፊ ያፌት ግን አልሳቀም። እሱ ድሮም ቀልድ ዘግይቶ ነው የሚገባው፤ ዘጠነኛ ክፍል ሳስተምረው ጀምሮ አውቀዋለሁ።

ስሜ ሶልያና ይመር ነው። ስሜን የሰማ ሁሉ አሮጊት መሆኔን ሳያየኝ ያውቃል፤ ሶልያናዎችና ኤልዳናዎች ዛሬ ስልሳን ያለፍን ነን። ደሴ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ታሪክና ሥነ ጽሑፍ አስተምሬያለሁ። በኋላ እያንዳንዱ ልጅ የራሱን አስተማሪ ጆሮው ውስጥ ይዞ መዞር ሲጀምር ክፍሎቹ ባዶ ቀሩ፤ ትምህርት ቤታችንም የመርጃ ጣቢያ ተባለ። የጆሮው አስተማሪ ሁሉንም ያስተምራል። «የዓለም ባህሎች» በሚባለው ትምህርት ግን ሕያው ሰው ማሳየት ግዴታ ነው የሚል ደንብ ወጣ። ስለዚህ ድሮ ካርታና ሉል እናስቀምጥበት በነበረው ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ካርታው ተሰቅሎበት በነበረው ግድግዳ ፊት፣ እኔ ተቀመጥኩ። አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ።

ሥራው ከባድ አይደለም። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ እገባለሁ፤ ከዚህ ሥራ በፊት ለብሼው የማላውቀውን ጥልፍ ቀሚስ እለብሳለሁ፤ እንዝርት እይዛለሁ። መፍተል የተማርኩት በሃምሳ ሁለት ዓመቴ፣ ጣቢያው ከላከልኝ ፊልም ነው። ፊልሙ ላይ የምትፈትለውም ሴት ሰው አልነበረችም። ካሜራው ላይ አረንጓዴ መብራት ሲበራ ፈገግ እላለሁ፤ አርባ ደቂቃ እናገራለሁ። ንግግሬ ለየተማሪው በየቋንቋው ተተርጉሞ ይሄዳል፤ የእነሱም በአማርኛ ወደ እኔ ይመጣል፣ ሁሉም በአንድ ዓይነት ለስላሳ ድምፅ። በቀን ሦስት ክፍል አለኝ፤ በክፍል ሃያ አራት ተማሪ። ሲያልቅ ውጤቴ ይላክልኛል፤ ግልጽነት፣ ትክክለኛነት፣ ሙቀት። ሙቀቴ ብዙውን ጊዜ ከአሥር ስምንት ነው። ባለቤቴ በሕይወት ቢኖር ይህን ቁጥር ለሰፈሩ ሁሉ እያወራ ያሳፍረኝ ነበር።

ስለ ራሴ የምናገረው በካርድ ተጽፎ ይሰጠኛል። ከካርዱ ከወጣሁ ትክክለኛነቴ ይቀንሳል። ካርዱ ሕዝቦቼ ምሽት ምሽት እሳት ከበው እንቆቅልሽ ይጫወታሉ ይላል። እኔ እሳት ከብቤ አላውቅም፤ ያደግኩት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። እንቆቅልሽ የለመድኩት በአባቴ አይሱዙ ውስጥ፣ ከወልድያ ደሴ ሽንኩርት ጭነን ስንመለስ ነው። አንድ ጊዜ ይህንኑ ለተማሪዎች ብናገር ትክክለኛነቴ ወደ አራት ወረደ። ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው ይባላል፤ እኔ ግን ከዚያ ወዲህ «እሳት ከበን» ማለትን ለመድኩ።

አሁን ስለ ማሟያዎቹ ልንገራችሁ፤ ያለ እነሱ ነገሩ አይገባም። ሃያ አራቱ ተማሪዎች ሁሉም ሰዎች አይደሉም። ልጅ ብቻውን ሲማር ይደብረዋል ተብሎ የክፍል ጓደኛ ይሠራለታል፤ ያ ማሟያ ይባላል። ማሟያ ይጠይቃል፣ ይሳሳታል፣ እጁን ያወጣል። በአንድ ክፍል ውስጥ አምስት ሰው ሊኖር ይችላል፤ አንድም ሊኖር ይችላል፤ አንዳንድ ቀን ጭራሽ ማንም የለም የሚሉም አሉ። የትኛው ሰው፣ የትኛው ማሟያ እንደሆነ ለእኛ አይነገረንም። ስክሪኑ ላይ ሁሉም ቁጥር የተጻፈበት ክብ ፊት ናቸው። ውሉ ሁሉንም እኩል አስተናግጂ ይላል፤ ውሎ አድሮ ይህ ማንንም እንደ ሰው አለመቁጠር ሆኖ አረፈ።

ሰባ ሁለት ተማሪ አናግሬ ከጣቢያው እወጣና፣ በጉሙ ውስጥ ወደ ሰፈሬ ወደ ቧንቧ ውሃ ስወርድ፣ ዛሬ ከሰው ጋር ተነጋግሬያለሁ ወይ ብዬ ራሴን እጠይቃለሁ። መልሱን አላውቅም። ባለቤቴ ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ልጅ አልወለድንም። ጎረቤቶቼ ክፉዎች አይደሉም። ደረጃ ላይ ስንገናኝ አንገታቸውን ሰበር አድርገው ያልፋሉ፤ ጆሯቸው ውስጥ ግን ሌላ ሰው እያወራ ነው። ብቸኝነት ያማል። መጀመሪያ እንደ ጥርስ ሕመም የሚነሳበት ሰዓት ነበረው፤ አሁን ሰዓትም የለውም።

ተማሪ 11 ሰው መሆኑን ያወቅኩት በጥቅምት፣ ስለ ጥንት ነጋዴዎች ጉዞ ሳስረዳ ነው። ተራው ደርሶ ብጠይቀው ዝም አለ። ማሟያ ዝም አይልም፤ ቢበዛ ሦስት ሰከንድ ያህል ያሰበ ይመስላል። ተማሪ 11 ግን አንድ ደቂቃ ሙሉ ጠፋ። ከዚያ ተመልሶ ይቅርታ ጠየቀ፤ ለምሳው ሾርባ እየሠራ ኖሮ ውሃው ገንፍሎበት ነው። ማሟያ የሚገነፍል ውሃ የለውም። ደነገጥኩ፤ እንዝርቱ ከእጄ ወደቀ። ሰው አገኘሁ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ጠዋት ስነሳ የት እንደምሄድ የማውቅ ሆንኩ። የተማሪ 11 ክፍል ማክሰኞና ሐሙስ ነበር። እነዚያን ሁለት ቀኖች ፀጉሬን አበጥራለሁ። ሌሎቹ ስለ ንግሥታትና ስለ ዓለት ቤቶች ሲጠይቁኝ እሱ መፍተል እጅ ያደክም እንደሆነ ይጠይቀኛል። አንድ ቀን ዛሬ ምን በላሽ አለኝ። ፓስታ አልኩት። ካርዱ ላይ ፓስታ የለም፤ ትክክለኛነቴ ስድስት መጣ። አልቆጨኝም፤ እሱም ፓስታ እንደሚወድ ነግሮኛል።

በየካቲት ሥነ ቃል ላይ ደረስን። ካርዱ ስለ እንቆቅልሽ የሚለው አንድ መስመር ነው፦ «ጠያቂና መላሽ ያለው የቃል ጨዋታ።» በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ቀሪውን ያውቀዋል። ጠያቂው እንቆቅልህ ይላል፤ መላሹ ምን አውቅልህ ብሎ ይቀበላል። ጥያቄው ይመጣል። መላሹ ካላወቀው ጠያቂው አገር ስጠኝ ይለዋል፤ የተሸነፈውም ጎንደርን ሰጠሁህ፣ ሐይቅን ሰጠሁህ ብሎ አንድ አገር ይሰጣል። ያሸነፈው በተሰጠው አገር ገብቶ፣ የአገሩን ሀብት እየጠራ፣ በላሁ ጠጣሁ ብሎ ይፎክርበትና መልሱን ይናገራል። አባቴ የሚሰጠኝ ሁልጊዜ የሚነዳባቸውን ከተሞች ነበር። ካርዱን የጻፈው ሰው አገሩን ዘሎት ነው ያለፈው።

ማሟያዎቹ በደንብ ተጫወቱ። አንዱ ይሳሳታል፣ ሁለተኛው ይቀርባል፣ ሦስተኛው ያገኘዋል፤ እንደዚያ ነው የተሠሩት። ስለዚህ ተሸንፎ አገር እስከ መስጠት የደረሰ አልነበረም። ከዚያ ወደ ተማሪ 11 ዞርኩ፤ እዚህ ላይ የገዛ ቋንቋዬ አሰናከለኝ። ትርጉሙ ተማሪውን ሁሉ ወንድ አድርጎ ነው የሚያመጣልኝ። እንቆቅልህ ልበል ወይስ እንቆቅልሽ? ለማሟያ ግድ የለኝም። ሰውን ግን ባልሆነው ልጠራው አልፈለግኩም፤ ጠየቅኩት። ሴት ነኝ አለች።

«እንቆቅልሽ» አልኳት። ምን አውቅልሽ በይ ብዬ አስተማርኳት፤ አለች።

«ስጠራው ይመልስልኛል፤ ስፈልገው ግን አላገኘውም።»

አሰበች። የቀሩት ሃያ ሦስቱም እጃቸውን አውጥተው ነበር፤ አላየኋቸውም።

«አንቺ ነሽ?» አለች።

አይደለሁም አልኳት። ያቺ ልጅ ቀልድ አልነበረም የተናገረችው። አርባው ደቂቃ ሲያልቅ የት እንደምገባ አታውቅም፤ እኔም እሷ የት እንደምትገባ አላውቅም። ቶሎ ወደ ጨዋታው ተመለስኩ።

«አላወቅሽም። አገር ስጪኝ።»

ምን እንደምትሰጠኝ ግራ ገባት። የምታውቂውን አገር የፈለግሽውን አልኳት። አገር የለኝም፣ የማውቀው ክፍሌን ብቻ ነው፣ ክፍሌን ብሰጥሽ ይሆናል ወይ አለችኝ። የጨዋታው ደንብ የተሰጠህን ተቀበል ነው፤ ተቀበልኩ። ለመፎከር ደግሞ የአገሩን ሀብት ማወቅ አለብኝ፤ ስለዚህ ክፍልሽ ውስጥ ምን ምን አለ አልኳት። አልጋ፣ ግድግዳ የሚያይ መስኮት፣ ምድጃ፣ የሾርባ ድስት። ማንስ አለ አልኩ። እስከ ምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ማንም የለም አለች። እኔም እንደ አባቴ አንገቴን ነቅነቅ አድርጌ ጀመርኩ፦

«ክፍልሽ ገብቼ ምን አጥቼ፣ ሾርባሽን ጠጥቼ፣ አልጋሽ ላይ ተኝቼ፣ መስኮትሽን ከፍቼ፣ አንቺን በር ላይ ትቼ...»

ሳቀች። ሳቅ አይተረጎምም፤ ስለዚህ እንዳለ መጣ። ትንሽ ሻካራ፣ አፍንጫው የታፈነ፣ ጉንፋን የያዛት ልጅ ሳቅ ነው። በአሥራ አንድ ዓመት ከዚያ ስክሪን የሰማሁት የመጀመሪያው የሰው ድምፅ እሱ ነበር። እኔም ሳቅኩ፤ እንባዬ እስኪመጣ። በዚያው አርባው ደቂቃ አለቀና ስክሪኑ ጠፋ። መልሱን እንኳ አልነገርኳትም። ሐሙስ እነግራታለሁ ብዬ ቤቴ ሄድኩ፤ ያን ቀን ደረጃው ላይ ላገኘኋቸው ሁሉ ሰላም ስል ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ካሜራው ላይ የበራው መብራት ቀይ ነበር። ጥቂት ቆይቶ ያፌት መጣ። ሌላ ጊዜ የሚፈልገውን በጽሑፍ ነው የሚልክልኝ፤ ራሱ ሲመጣ ነገሩ ከባድ መሆኑ ገባኝ። ወንበር ስቦ ፊት ለፊቴ ተቀመጠና አንድ ወረቀት ሰጠኝ። ክፍሎቻችንን የሚያዳምጠው መቆጣጠሪያ የእኔን ንግግር ብቻ ለቅሞ አውጥቶታል። የተማሪውን ፆታ ጠየቀች ይላል። ያለበትን ቦታ እንዲሰጣት ጠየቀች። የመኝታ ክፍሉን እንዲገልጽላት ጠየቀች። ቤት ውስጥ ማን እንዳለና መቼ እንደሚገባ አወቀች። አልጋው ላይ እንደምትተኛ፣ ተማሪውንም በር ላይ እንደምታስቀር ተናገረች።

 እውነቱን ለመናገር፣ ይህን ወረቀት ስለ ሌላ ሰው ባነብ ኖሮ ይታሰር ብዬ የምጮኸው እኔ ነበርኩ። የልጅን ፆታና ቦታ መጠየቅ የሚከለክለው ደንብም ያለ ነገር አልወጣም፤ በልጆች ላይ ብዙ ግፍ ከደረሰ በኋላ የመጣ ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ የሚባለው ለካ እንዲህ ነው። እያንዳንዱን ቃል እኔው ነኝ የተናገርኩት፤ አንዱንም ግን እንደዚያ አላልኩትም።

ያፌትን አየሁት። ይህን ጨዋታ ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ እዚሁ ግቢ፣ ዘጠነኛ «ለ» ክፍል።

«አገር ስጠኝ ስልህ ምን ነበር የምትለኝ?»

«ኮምቦልቻን» አለ። ሳያስበው ነው ያመለጠው። ወዲያው ቀና ብሎ ካሜራውን አየ።

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አብሽሩ ቲቸር» አለኝና መውጫውን ነገረኝ። ማሟያ ፆታም ቦታም የለውም፤ ስለዚህ ማሟያን ምንም የጠየቀ መርጃ ጥፋት የለበትም። ሰኞ ጉዳዩን የሚሰሙ ሦስት ሰዎች ከአዲስ አበባ በስክሪን ይቀርባሉ። ተማሪ 11 ማሟያ መስሎኝ ነበር ካልኩ ሁለት ሳምንት ሥልጠና ወስጄ ወንበሬ ላይ እመለሳለሁ፤ ክፍሎቼም እነዚያው ይሆናሉ። ሰው መሆኑን አውቅ ነበር ካልኩ ግን ከዝርዝሩ እሰረዛለሁ፤ በየትኛውም ጣቢያ ከማንም ልጅ ጋር ዳግመኛ አልነጋገርም። የምለውንም ጽፎ አምጥቶልኛል፤ አራት መስመር ነው። እኔ አላንገራገርኩም። እንዲያውም ደስ አለኝ። ሁለት ሳምንት ምን አላት፤ በሦስተኛው ማክሰኞ ልጅቷን አገኛታለሁ ብዬ ቆጠርኩ። ጨዋታው እውነተኛ ለመሆኑ አንተ ትመሰክርልኛለህ ስለው ግን እናያለን አለ።

ሰኞ አራት ሰዓት ላይ ድሮ የመምህራን ማረፊያ ወደነበረው ክፍል ደረጃውን አብረን ወጣን። ያፌት ከኋላዬ ሆኖ ቃሌን አንድ ጊዜ ደግሜ እንዳነበው፣ አንድም ቃል እንዳልጨምርበት መከረኝ፤ ለልጁም ስለሚላክ ንጹህ መሆን አለበት አለ። ቆምኩ።

«ለየትኛው ልጅ?»

«ለተማሪ 11 ነዋ ቲቸር። ሕፃኑ ስለ ራሱ የተባለውን የማወቅ መብት አለው። ውሳኔው ከነቃልዎ በቋንቋው ተተርጉሞ ይሄድለታል። ሕጉ ነው።»

ወረቀቱን አወጣሁ። «ተማሪ 11 ማሟያ እንጂ ሰው አልመሰለኝም ነበር» ይላል ሁለተኛው መስመር። ሦስት ቀን ሙሉ ሳነበው ምንም አላለኝም፤ ራሴን ለማዳን የተጻፈ የቢሮ አማርኛ ነበር። አሁን ግን ያቺ ልጅ ድስቱን ምድጃው ላይ ጥዳ፣ ቤት ውስጥ ማንም ሳይኖር፣ ስታነበው ታየኝ።  ወረቀቱን አጥፌ ያዝኩት። ያፌት እንሂድ እንጂ ይለኛል፤ ደረጃው ላይ ያን ያህል እንደቆምኩ አላወቅኩም።

ሰብሳቢዋ ጨዋ ሴት ናት፤ ዕድሜዋ ከእኔ ብዙ አይርቅም። መጀመሪያ ያፌትን ጠየቀችው፦ «አገር ስጪኝ» የሚለው ነገር የጨዋታው አካል ነው? በካርዱ ላይ የለም አለ። ካርዱን ትተህ አንተ ራስህ ታውቀዋለህ ወይ አለችው። ያፌት ጠረጴዛውን እያየ አላስታውስም አለ። ተናደድኩ። ዘጠነኛ ክፍል ቢሆን ኖሮ ከበር ውጭ አስቆመው ነበር። ግን አርባ ሁለት ዓመቱ ነው፤ በዚህ ከተማ ውስጥ ደግሞ ከሰው ጋር የሚያገናኝ ሥራ ያላቸው ስንት ናቸው? እሱም የሚያጣውን ያውቃል።

ቀጥሎ ወደ እኔ ዞረች። ጥያቄው አንድ ብቻ እንደሆነ፣ አለማወቅም ጥፋት እንዳልሆነ አስረዳችኝ። ልትረዳኝ እየሞከረች እንደነበር ይታያል።

«ወይዘሮ ሶልያና፣ ተማሪ 11 ሰው መሆኑን ያውቁ ነበር?»

አላውቅም ብል ወንበሬን አገኛለሁ። ከሥልጠናው በኋላ ማክሰኞ ስገባ ተማሪ 11 እዚያው ትሆናለች፤ ግን ስታስቀኝ የከረመችው ሴት እንደ ዕቃ ትቆጥረኝ ነበር ብላ የምታስብ ልጅ ናት የምትሆነው። ከዚያ በኋላ ምን ብጠይቃት ትመልስልኛለች? አውቅ ነበር ብል ደግሞ ሁለተኛ ድምፅዋን አልሰማም። ፈራሁ። ቤቴ ታየኝ፣ ደረጃው፣ አንገታቸውን ሰበር የሚያደርጉት ጎረቤቶቼ።

«አውቅ ነበር» አልኩ።

ያፌት በረጅሙ ተነፈሰ። ሰብሳቢዋ ጥያቄው ምናልባት በደንብ አልተሰማኝ እንደሆነ ብላ ደገመችልኝ።

«ሰምቻለሁ። ሰው መሆኗን ከጥቅምት ጀምሮ አውቃለሁ። ሰው ስለሆነች ነው ያናገርኳት። ሃያ ሦስቱን የማናግረው ሥራዬ ስለሆነ ነው።»

«እሱ ይበሉ» አለች ሰብሳቢዋ። «ፆታው የተጠበቀ መረጃ ነው።»

ይቅርታ አልኩ፤ ግን አላረምኩትም። ቃሌ ላይ አንድ ነገር ብቻ ይጨመርልኝ ብዬ ለመንኩ፤ የእንቆቅልሹ መልስ የገደል ማሚቶ መሆኑ። ከጉዳዩ ጋር ምን ያገናኘዋል አሉኝ። ለጥያቄዬ መልስ ሳልሰጥ ነው የተቋረጥነው፤ ልጅ ደግሞ መልስ ሳይነገረው አይተኛም አልኳቸው። ሦስቱም ተያዩ። መዝጋቢው መቼም የተባለውን ሁሉ ይጽፋል፤ ሲጽፈው በስክሪኑ ጥግ አየሁት።

ከያፌት ጋር ወደ ታች ወረድን። በሩ ላይ ስንደርስ ቀሚሱን እንድመልስ፣ እንዝርቱን ግን ልይዘው እንደምችል ነገረኝ። እንዝርቱንም መለስኩለት፤ የማላውቀውን ሰው ዕቃ ቤቴ ማስገባት አልፈለግኩም። ፊቱ ተለዋውጦ ነበር። ሊለኝ የፈለገው ነገር አለ፤ ግን ጆሮው ውስጥ የሆነ ሰው ጠራውና አቤት እያለ ተመለሰ።

ውሳኔው በሳምንቱ መጣ። ቃሌም ተያይዟል። ስለ ገደል ማሚቶ የተናገርኩት ከጉዳዩ ጋር ግንኙነት የለውም ተብሎ ተሰርዟል፤ በእሱ ቦታ ጥቁር መስመር ነው ያለው። ተቃጠልኩ። ጨዋታው ራሱ «ለሕፃናት ደኅንነት ሲባል» ከካርዱ ወጥቷል፤ እንግዲህ በአገሩ ጣቢያ ሁሉ እንቆቅልህ የሚል መርጃ አይኖርም። ከዚያ በታች ሊሰርዙት የማይችሉት ዓረፍተ ነገር አለ፤ ምክንያቱም የተባረርኩት በእሱ ነው፦ «መርጃ ቁጥር 4417 ተማሪ 11 ሰው መሆኑን በሚገባ እያወቀች ስላነጋገረችው ከዝርዝሩ ለዘለቄታው ተሰርዛለች።» ግርጌው ላይ እንደ ማንኛውም የቢሮ ደብዳቤ «ግልባጭ» ይላል፤ አንደኛ ለመርጃ ጣቢያው፣ ሁለተኛ ለተማሪ 11፣ በቋንቋው።

አሁን ማክሰኞም ሐሙስም ቤቴ ነኝ። የማናግረው ሰው የለኝም፤ ይህን የጻፍኩትም ለዚሁ ነው። አንዳንድ ቀን ድምፄ እንዳይጠፋ ዕቃዎቼን በስማቸው እጠራለሁ። አልጸጸትም ብል ውሸት ነው፤ በቀን ሦስቴ እጸጸታለሁ፣ በተለይ ምሳ ሰዓት ላይ። የዚያች ልጅ አገር የቱ እንደሆነ፣ በቋንቋዋ ሰውን ምን ብለው እንደሚጠሩት አላውቅም። ደብዳቤው ግን ማህተም አርፎበት ደርሷታል።